ቪቶሪዮ ጋስማን፦ በፊልም ያሳቀን በመድረክ ያለቀሰው ሰው ነው

የመጋረጃ ጀርባ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ጣሊያን ፊልሞች ስንጨዋወት አንድ ወንድማችን ቪቶሪዮ ጋስማንን «ያው ኮሜዲያን ነው» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፈው ዝም ማለት አልቻልኩም። ትወና የተማርኩና አሁንም የማስተምር ሰው ነኝ፤ ከዚህ ሰው የተማርኩትን ያህል ከብዙ መጻሕፍት አልተማርኩም። ስለዚህ ለብቻው ክር ከፈትኩለት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋስማን በ1922 ጄኖቫ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ እናቱ ከፒሳ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። ያደገው ሮማ ነው። ረጅምና ፈርጣማ ስለነበር ቅርጫት ኳስ በከፍተኛ ደረጃ ተጫውቷል፤ ሕግ መማርም ጀምሮ ነበር። ወደ ትወና የገፋችው እናቱ ናት። ሮማ በሚገኘው የድራማ አካዳሚ ተማረና በ1942 ሚላኖ ላይ መድረክ ወጣ። ዓለም በአስቂኝ ፊልም እስኪያውቀው ድረስ ከዚያ በኋላ 16 ዓመት አለ። እነዚህ 16 ዓመታት ናቸው የሚረሱት።

በእነዚያ ዓመታት ምን ሠራ? ከታዋቂው አዘጋጅ ከሉኪኖ ቪስኮንቲ ጋር ሮማ በሚገኘው ኤሊዜኦ ቴአትር ሠራ። በ1949 ቪስኮንቲ የአሜሪካዊውን ደራሲ የቴነሲ ዊልያምስን ተውኔት ሲያዘጋጅ ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ፣ ስታንሊ ኮዋልስኪን፣ የተጫወተው ጋስማን ነው፤ አጠገቡ የስታንሊን ጓደኛ ሚችን ሆኖ የቆመው ወጣት ማርቼሎ ማስትሮያኒ ነበር። በ1952 ከሉዊጂ ስኳርዚና ጋር የራሱን የቴአትር ቡድን አቋቁሞ ሐምሌትን ምንም ሳይቆርጥ፣ ሙሉውን አቀረበ። ሙሉው ሐምሌት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያንን ሁሉ ቃለ ተውኔት በአንድ መንፈስ ተሸክሞ መውጣት የጀግና ሥራ ነው።

በ1956 ደግሞ ኦቴሎን ከሳልቮ ራንዶኔ ጋር ሠሩ። ሁለቱ ሚና ይቀያየሩ ነበር። አንድ ቀን ጋስማን ኦቴሎ፣ ራንዶኔ ኢያጎ፤ በሌላው ቀን ጋስማን ኢያጎ፣ ራንዶኔ ኦቴሎ። እስቲ አስቡት። ትናንት በጆሮህ መርዝ ያፈሰሰብህን ሰው ዛሬ አንተ በጆሮው መርዝ ታፈስበታለህ። የእያንዳንዱን ቃል ሁለቱንም ጫፍ ታውቀዋለህ።

ፊልም በነዚህ ዓመታት ይሠራ ነበር፤ ግን ፊልሙ በሚገባ አልያዘውም። በ1949 በቬርቼሊ የሩዝ ማሳዎች በተሠራው ታዋቂ ፊልም ላይ ክፉውን ሰው ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ መልከ መልካሙ ክፉ ሰው ሆኖ ቀረ። ሆሊውድ ሄደ፣ ሼሊ ዊንተርስን አገባ፣ ተፋታ፣ ተመለሰ።

ከዚያ 1958 መጣ። ማሪዮ ሞኒቼሊ ስለ ምስኪን ሌቦች ፊልም ሊሠራ ሲነሳ ፔፔ ለሚባለው ኮልታፋ ቦክሰኛ ጋስማንን ፈለገው። ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች አልወደዱትም፤ የሐምሌት ሰው እንዴት ያስቃል አሉ። ሞኒቼሊ ሙጭጭ አለ። ግን ያንን የተከበረ ፊት አፈረሰው፤ የፀጉሩን መነሻ ወደ ግንባሩ አወረደው፣ አፍንጫውን ለወጠው፣ በዚያ መድረክ በሚያናውጥ አንደበቱ ላይም መንተባተብ ጨመረበት።

እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው። ያንን መንተባተብ አዳምጡት። እያንዳንዱ የሚሰናከል ቃል ልኩ የተለካ ነው፤ የት እንደሚታነቅ፣ የት እንደሚለቀቅ። ይህንን የሠራው ስንኝ ለ16 ዓመት የሰበረና ያስተካከለ ምላስ ነው። ያሳቀን ሐምሌት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአሰብ መንገድ፦

ወንድሜ፣ ስለ መድረኩ የማውቀው ነገር የለም። ስለ መኪናው ግን ልናገር።

ከባድ መኪና ለብዙ ዓመታት የነዳሁ ሰው ነኝ። በ1962 ዲኖ ሪዚ የሠራውን «ኢል ሶርፓሶ» የሚባለውን ፊልም ልጄ አሳየኝ። ስሙ «ደርቦ መቅደም» ማለት ነው ሲለኝ ፈገግ አልኩ፤ እኛ ሹፌሮች ስንት ጓደኛ የቀበርንበት ቃል ነው። ደግሞ ፍሬኑም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ክላክሱም ከነሱ ቋንቋ ወደ እኛ የመጣ ስለሆነ ጣሊያንኛ ሳላውቅ ግማሹን የገባኝ መሰለኝ።

መኪናዋ ላንቺያ አውሬሊያ ናት፣ ጣሪያዋ የሚከፈተው። የሚሄዱበት መንገድ ራሱ አውሬሊያ ይባላል፤ ከሮማ ወደ ሰሜን ባሕሩን ተከትሎ የሚወጣው ጥንታዊ መንገድ። ጋስማን ብሩኖ የሚባል ሰው ነው። ዕለቱ ኦገስት 15፣ ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ነው፤ የእመቤታችን ዕርገት፣ የኛ ፍልሰታ ማለት ነው። ሮማ ጭር ብላለች። ሰውዬው ስልክና ሲጋራ ፍለጋ በባዶው ከተማ ይዞራል፤ በመስኮት ያየው ዓይን አፋር የሕግ ተማሪ ስልክ ያስደውለዋል፤ ከዚያ በቃ፣ ልጁን ይዞት ይነጉዳል።

አነዳዱን ተመልከቱ። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ ያወራል። እንደዚህ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ፤ ረዳቱ ሆኜ አብሬው ሠርቻለሁ። ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ የተፈታ፣ የሁሉ ወዳጅ፣ ተበድሮ የማይመልስ። ሲያወራ ቆይቶ ክላክሱን ሲነፋው ራሱ ደስ ይላችኋል። ኩርባ ላይ የሚደርብ ሰው ሁሌም ደስ የሚል ሰው ነው፤ ክፋቱ ይኸው ነው። ጋስማን ያንን ሰው ከነጠረኑ ነው ያመጣው።

መጨረሻውን ላላየ አልናገርም።

ጸጥታ ወዳድ፦

የመጋረጃ ጀርባ፣ ጽሑፍህ ልብ ይነካል፤ ግን አልስማማም።

ጋስማን ሁልጊዜ ሲተውን ይታየኛል። ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ማስትሮያኒን ተመልከት፤ እሱም ከቪስኮንቲ እጅ የወጣ ነው፣ እሱም መድረክ አድጓል። ነገር ግን ካሜራ ፊት ሲቆም መድረኩን ውጭ አውልቆ የገባ ይመስላል። ዝም ብሎ ሲጋራ ሲይዝ ታምነዋለህ። ጋስማን ሲጋራ ሲይዝ ሲጋራ የያዘ ተዋናይ ታያለህ።

ጣሊያኖቹ ራሳቸው «ማታቶሬ» ብለው ሰይመውት የለም? በ1959 የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ስም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሆኖ ቀረ። መድረኩን ለብቻው የሚወስድ፣ ሌላውን የሚያስረሳ ማለት ነው። ለቴአትር ሙገሳ ይሆን ይሆናል። ለፊልም ግን ሕመም ነው። አንተ ራስህ ሆሊውድ እንዳልሆነለት ጽፈህ የለም?

የመጋረጃ ጀርባ፦

ጸጥታ ወዳድ፣ ስለ ሆሊውድ ዓመታቱ እሺ። በነዚያ ፊልሞች ላይ እንደ ሐውልት የቆመ ነው፤ አልከራከርህም። ለኤልዛቤት ቴይለር ፍቅረኛ ሆኖ የሠራውን አይቼ እኔም አዝኛለሁ።

ስለ ሌላው ግን እንከራከር። ሁልጊዜ ሲተውን ይታያል ያልከው ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስብ። ብሩኖ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲተውን የሚውል ሰው ነው። ፔፔ አዋቂ ሌባ ሆኖ ለመታየት ይተውናል። በ1974 በኤቶሬ ስኮላ ፊልም ላይ ያለው ጃኒስ? በጦርነቱ ጊዜ ከፋሺስቶች ጋር ተዋግቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዓለምን ሊለውጥ ምሎ፣ በኋላ የሀብታም ልጅ አግብቶ የከበረ ጠበቃ ነው። ጓደኞቹ ፊት ድሃ መስሎ ይተውናል። ጋስማን መተወንን አልደበቀም፤ የሚተውኑ ሰዎችን ነው የተጫወተው። አንተ ጉድለት ያልከው ለእኔ የሥራው እምብርት ነው።

ያንን ፊልም ካየኸው አጀማመሩን አስታውስ። ጃኒ በትልቁ ቪላው የመዋኛ ገንዳ ጫፍ ላይ ሆኖ ሊዘል ይነሳል፤ አየር ላይ እንዳለ ምስሉ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት የሚሸፍን ታሪክ ይተረካል፤ ፍቅር፣ ክህደት፣ እርጅና። ከዚያ በመጨረሻው ዝላዩ ያልቅና ውሃው ውስጥ ይገባል። ጓደኞቹ ከአጥሩ በላይ ሆነው ያዩታል። አንድ ቃል አይናገርም። ድምፁ የት አለ ወዳጄ? ዝም ብሎ የሚወድቅ የጎልማሳ ገላ ነው ያለው።

ጸጥታ ወዳድ፦

የገንዳውን ነገር ረስቼው ነበር። እሱን እቀበልሃለሁ። ማስትሮያኒን ግን አልለቅም።

ከተርሚኒ አጠገብ፦

ሰላም ወንድሞችና እኅቶች። ሮማ ነው የምኖረው፤ አረጋውያን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። ብዙ ጊዜ እዚህ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን የማውቀው ነገር ስለተነሳ ነው።

አሁን ከምንከባከባቸው ሲኞራ (እመቤት) በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የተንከባከብኳቸው ሰው ዓይነ ስውር ነበሩ። ካረጁ በኋላ አልነበረም ብርሃናቸውን ያጡት፤ በጉልምስናቸው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ላይ ቁጣ አለ፤ አይወጣም። ክንዳቸውን ስይዝ ይመነጭቁኝ ነበር። «እኔ ነኝ አንቺን የምይዝሽ» ይሉኛል። ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ወደ ሰውየው አያዞሩም፤ ፊታቸው ቀጥ ብሎ ይቀርና ጆሯቸው ብቻ ይሄዳል። አንድ ሰው ወደ ክፍሉ ሳይናገር ሲገባ አፍንጫቸው በትንሹ ትነሳለች። ይህንን አብሮ ያልኖረ አያውቀውም።

አንድ ቀን በቴሌቪዥን «ፕሮፉሞ ዲ ዶና» መጣ፤ የሴት ሽቶ ማለት ነው። ጋስማን በፈንጂ አደጋ ዓይኑንና አንድ እጁን ያጣ ሻምበል ሆኖ፣ አንድ ወጣት ወታደር እየመራው ከቶሪኖ እስከ ናፖሊ በባቡር የሚጓዝበት ነው። ጠጪ፣ ተሳዳቢ፣ ኩሩ። እኔ ያየሁት ያንን ቀጥ ያለ ፊት ነው። ዓይኑ ማንንም አያይም፤ ሰውነቱ በሙሉ ግን ያዳምጣል። ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ አይፈልግም፤ ያስቀመጠበትን ያውቃል። ካወቀ በኋላ ደግሞ ማወቁን ሊያሳያችሁ ይፈልጋል። የኔ ሰውዬ ልክ እንደዚያው ነበሩ። ቡናቸውን ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ካዛወርኩባቸው ቀኑ ተበላሸ።

እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያዳመጡ ነበር። ምስሉን ስለማያዩ በየመሃሉ «አሁን ምን እያደረገ ነው?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ሻምበሉ የምትወደውን ልጅ እየሸሸ ኖሮ በመጨረሻ ስሟን ሲጠራ፣ መንገር አላስፈለገኝም። ድምፁ ብቻ በቃቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስለዚህ ጸጥታ ወዳድ የሚባለው ወንድሜ ድምፁን አይጥላው። ለአንዳንድ ሰው ያለው ድምፁ ብቻ ነው።

የመጋረጃ ጀርባ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ይህንን ፊልም ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ፤ ስለ ጆሮው የነገርሽንን ግን አላስተዋልኩትም ነበር። ዛሬ ማታ ደግሜ አየዋለሁ።

ለማያውቁት፦ ፊልሙን የሠራው ራሱ ዲኖ ሪዚ ነው፣ ከጆቫኒ አርፒኖ ልብ ወለድ ተነሥቶ። በ1975 ጋስማን በካን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘበት። በ1992 አሜሪካኖች ደግመው ሠሩትና አል ፓቺኖ ኦስካር ወሰደበት። አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር፤ መሪውን ወታደር ሆኖ የተጫወተው አሌሳንድሮ ሞሞ ፊልሙ ሰው ፊት ሳይቀርብ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። 17 ዓመቱ ነበር።

ጡረተኛው አሥር አለቃ፦

ልጆቼ፣ «ላ ግራንዴ ጉዌራ» የሚለውን ፊልም ማንም አላነሳውም። ላንሳው።

የ1959 ነው፣ የዚያው የሞኒቼሊ። አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ጣሊያን ከኦስትሪያ ጋር የተዋጋበት ግንባር። ጋስማን ቡዛካ የሚባል ሚላኖአዊ፣ አልቤርቶ ሶርዲ ደግሞ ያኮቫቺ የሚባል ሮማዊ ናቸው። ሁለቱም ከሥራ የሚሸሹ፣ ከአደጋ የሚደበቁ፣ የምግብ ሰልፍ ላይ ብቻ ቀድመው የሚገኙ ወታደሮች። እንደነሱ ያሉ ከእኔ ጋር ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ጥይት ሲበዛ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንደነሱ ነበርን።

ጠላት ይይዛቸዋል። ድልድዩ የት እንደሚሠራ ከነገሩን እንለቃችኋለን ይሏቸዋል። ሊናገሩ ነው፤ ፈርተዋል፤ መፍራታቸውን ካሜራው አይደብቅም። በዚህ መሃል የኦስትሪያው መኮንን ስለ ጣሊያኖች የንቀት ቃል ይናገራል። ቡዛካ ያንን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይሰበራል። ጀግንነት አይደለም፤ የተናቀ ሰው እልህ ነው። በገዛ አገሩ በሚላኖ ዘዬ ይሰድበውና ምንም አልነግርህም ይለዋል። ይረሽኑታል። ሶርዲ አልቅሶ፣ ተለማምኖ፣ እሱም ሳይናገር ይረሸናል።

ከዚያ የራሳቸው ጦር አሸንፎ ሲያልፍ አዛዣቸው ሁለቱን ያስታውሳቸዋል። እንደ ልማዳቸው ዛሬም አመለጡ ይላል። ማንም እውነቱን አያውቅም።

ወታደር የሆነ ሰው ይህንን አይቶ ወዲያው አይተኛም። ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳ ከሌላ ፊልም ጋር ተካፍሏል። ዘዬውን ስሙት ብላችሁ ግን እለምናችኋለሁ። ጄኖቫ ተወልዶ፣ ሮማ አድጎ፣ ሚላኖን እንደ አገሬው ይናገራል፤ ጣሊያን የሆነ ጎረቤቴ ነው ይህን ያስረዳኝ። ጎንደሬው ጎጃሜውን መስሎ ጎጃሜውን እንደማታለል ነው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦

አሥር አለቃ፣ ክብር ይስጥልኝ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ነው። አያቴ ማይጨው ዘምተው ከዚያም አምስቱን ዓመት በዱር የቆዩ ናቸው። የዚያን ዘመን ጣሊያናዊ ተዋናይ ሳደንቅ ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይከለክለኛል። ይህ ሰው ያኔ የት ነበር? ኋላስ ስለዚያ ዘመን ምን አለ?

የመጋረጃ ጀርባ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ በ1936 ስትያዝ ጋስማን የ13 ዓመት ተማሪ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፋሺስት መንግሥት በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ፤ እናቱ ደግሞ አይሁዳዊት ናት። ያ መንግሥት ለዚያ ቤት ምን እንደነበር ከዚህ መገመት ትችላለህ።

ስለ ዘመኑ የሠራውን ፊልም ግን ልንገርህ። በ1962፣ ያው የመኪናው ፊልም በወጣበት ዓመት፣ ከዲኖ ሪዚ ጋር ፋሺስቶች ወደ ሮማ ስላደረጉት ጉዞ ፊልም ሠሩ። ጉዞው የተደረገው በኦክቶበር 1922፣ ጋስማን ሁለት ወር ባልሞላው ሕፃንነቱ ነው። ጋስማንና ኡጎ ቶኛትሲ ከጦርነት ተመልሰው ሥራ ያጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ይቀላቀላሉ። ቶኛትሲ የፓርቲውን ዓላማ የያዘ ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለ፤ መሬት ለገበሬው፣ ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ የሚል። መንገዱ በገፋ ቁጥር አንድ ቃል ሲታጠፍ ያያል፤ ያንን መስመር ይሰርዛል። ሌላ ያያል፤ ይሰርዛል። ሮማ ሊደርሱ ሲሉ ወረቀቱ ላይ የቀረ ነገር የለም።

የፊልሙ መዝጊያ ንጉሡ ናቸው። እነዚህን ፋሺስቶች ለጥቂት ወራት እንሞክራቸው ይላሉ።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦

ጥቂት ወራት። ሃያ ዓመት ሆነ፤ ማይጨው የሞቱት ሰዎች በነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ ናቸው። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ይህንን ፊልም ባሳየኋቸው። አመሰግናለሁ፤ ፈልጌ አየዋለሁ።

የዋሸራ ልጅ፦

የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ በአጭሩ። በ1966 ሞኒቼሊ ስለ መካከለኛው ዘመን በሠራው ፊልም ላይ ጋስማን ብራንካሌዎኔ የሚባል ባዶ እጁን የቀረ ባላባት ነው። ጸሐፊዎቹ ለፊልሙ አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ግማሹ ላቲን፣ ግማሹ አሮጌ ጣሊያንኛ፣ ግማሹ የገጠር ንግግር። በኛ ብታስቡት ግዕዙን፣ የነገሥታት ዜና መዋዕሉን አማርኛና የባላገሩን ንግግር አንድ ላይ ለውሶ አንድ ጀግና ነኝ ባይ ሰው ሲናገረው ነው። እንዲህ ያለው ቋንቋ ተናጋሪው ካላመነበት ወዲያው ይሞታል። ጋስማን እንደ ቅኔ ነው የሚዘርፈው፤ ዜማውን አንድም ጊዜ አይስትም። የዳንቴን ግጥም በቴሌቪዥን ሲያነብ የሰማ ሰው ይህ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ደግሞ ኦቴሎንና ሐምሌትን ያነሳችሁ ሁሉ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሁለቱንም ወደ አማርኛ መልሷቸዋል። የኢያጎን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ከዚያ የእሱን በጣሊያንኛ ስሙ። ቃሉ ሳይገባችሁ እንኳ ክፋቱ የሚረግጥበት ቦታ አንድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚላኖ፦

ማንም አልጠቀሰውም፤ ልጆቼ ከመቶ ጊዜ በላይ ያዩት የአንበሳው ንጉሥ የካርቱን ፊልም ላይ፣ በጣሊያንኛው ቅጂ የሙፋሳ ድምፅ ጋስማን ነው! አባትየው ለልጁ ስለ ከዋክብት ሲነግረው ሥራዬን አቁሜ እሰማለሁ። ከዛሬ በፊት የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ባለቤቴ ነው ይህን ክር ሳነብ አይቶ የነገረኝ።

ገና ጀማሪ፦

ጋሼ የመጋረጃ ጀርባ፣ የቴአትር ተማሪ ነኝ። እንደዚህ ያለ ጉልበት ያለው ሰው መጨረሻው እንዴት ነበር? ዝናውን ካገኘ በኋላ መድረኩን ተወው ወይ? እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ፊልም ያገኘ ሁሉ ከመድረክ ሲጠፋ ስለማይ።

የመጋረጃ ጀርባ፦

አልተወውም። በ1960፣ ፊልሙ በያቅጣጫው በሚጠራው ሰዓት፣ ከከተማ ከተማ የሚጓዝ ትልቅ ድንኳን አሠርቶ ሕዝባዊ ቴአትር አቋቋመ። ወደ ወርቃማ አዳራሾች የማይገባው ሰው እንዲያይ ነው። የመጀመሪያ ሥራው አደልኪ የተባለው የማንዞኒ ተውኔት ነበር፤ ድንኳኑ ሮማ ውስጥ ቪላ ቦርጌዜ ተተከለ። በዚያው ዓመት በሲራኩዛ ጥንታዊ የግሪክ ቴአትር ኦሬስቴያ የተባለውን የጥንት ግሪክ ተውኔት አቀረበ፤ ትርጉሙን እንዲሠራ ያዘዘው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒን ነው። ገንዘብ ከፊልም ያመጣል፣ መድረክ ላይ ያፈሳል። በ1979 ደግሞ ፊሬንዜ ላይ የትወና ማሠልጠኛ ከፈተ። ወደ 70 ዓመቱ ሲጠጋ፣ በ1992፣ በተወለደባት በጄኖቫ ወደብ የነጭ ዓሣ ነባሪውን ታሪክ ወደ ተውኔት ለውጦ ካፒቴን አሃብን ሆኖ ተጫወተ።

መጨረሻውን ከጠየቅክ አልደብቅህም። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት። ያ የሚነጉድ፣ የሚያስቅ፣ ክፍሉን የሚሞላ ሰው ከአልጋ መነሳት የሚያቅተው ቀን ነበረው። አልሸሸገውም፤ በአደባባይ ተናገረው። በዘመኑ እንደሱ ያለ ወንድ ይህንን ሲናገር ለስንት ሰው በር እንደከፈተ አስብ። በጁን 29፣ 2000፣ ሮማ ውስጥ ቤቱ በተኛበት ልቡ ቆመ። 77 ዓመቱ ነበር። ልጁ አሌሳንድሮም ተዋናይ ነው።

ለአንተ የምመክርህ አንድ የሥራ ነገር አለኝ። የፔፔን አንድ ንግግር ውሰድና ሳትንተባተብ በልምምድ ክፍል ተናገረው። ከዚያ የሐምሌትን አንድ ንግግር እየተንተባተብክ ተናገር፣ ማንም እንዳይስቅ አድርገህ። አንድ ወር ይፈጅብሃል። ከዚያ ጻፍልኝ።

ከተርሚኒ አጠገብ፦

እንደገና መጣሁ። የአሰብ መንገድ የተባሉት አባቴ መጨረሻውን ስላልተናገሩ ትናንት ማታ «ኢል ሶርፓሶን» ከሲኞራዬ ጋር አየነው። እሳቸው ፊልሙ ሲወጣ ወጣት ነበሩ፤ ዘፈኖቹን ሁሉ አብረው ያዜማሉ።

መጨረሻውን ላላየ ይቅርታ፤ ካልተናገርኩት አልችልም። ዓይን አፋሩ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ፈርቶ ፈርቶ በመጨረሻ ደስታውን ይቀምሳል። ቶሎ ንዳ፣ ቅደመው ይላል። ኩርባው ላይ ከፊት መኪና ይመጣል። ብሩኖ ከመኪናው ተስፈንጥሮ ይወድቃል፤ ልጁ ከነአውሬሊያዋ ገደል ይገባል። ፖሊስ መጥቶ ሟቹ ማን ይባላል ብሎ ይጠይቃል። ብሩኖ ሮቤርቶ ይላል። የቤተሰብ ስሙን አያውቀውም። ትናንት ጠዋት ነው የተዋወቅነው ይላል። ያ ሁሉ ሲያወራ የነበረ አፍ፣ ያ ጸጥታ ወዳድ የሰለቸው ድምፅ፣ እዚያ ላይ የለም። ባዶ ፊት ብቻ ነው ያለው።

ሲኞራ ቴሌቪዥኑን አጠፉትና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቤታቸው ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። በስሜ ይጠሩኛል፣ ያውም አሳጥረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ያንቺስ የቤተሰብ ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባታችን ስም ነው የሚከተለን አልኳቸው። እንግዲያው የአባትሽን ንገሪኝ አሉ።

ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ጠሩት። በሦስተኛው አስተካክለው አሉት።